ቦረቦሩ ወደ ላይ ነው የሚሄደው

ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ስሄድ በየቀኑ አንዲት ቦይ እዘል ነበር። ከአያቴ ማሳ ግርጌ የምታልፍ፣ ክረምት ላይ ብቻ ውሃ የሚወርድባት ቀጭን ቦይ ነበረች። ደብተሬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እሄድና ተንደርድሬ እዘላታለሁ። ከወንድሜ ጋር ማን አርቆ እንደሚዘል እንወራረድ ነበር። በጋ ላይ ጭራሽ ትዝ አትለንም፤ ከብቶቹም እንደ ሜዳ ረግጠዋት ያልፋሉ።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ከብዙ ዓመት በኋላ አገር ቤት ሄድኩ። ምሥራቅ ጎጃም ነው፣ ከደጀን አለፍ ብሎ። እስኪ ያቺን ቦይ ልያት ብዬ ወደ ማሳው ወረድኩ። ቦይዋ የለችም። ቦታዋ ላይ ገደል አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ። ጥልቀቱ ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል፤ ስፋቱ የጭነት መኪና ያስገባል። ከማዶ አንዲት ተማሪ ደብተሯን ይዛ ስታልፍ አየሁ። እሷ አትዘልም። ዙሪያ ጥምጥም ሄዳ ነው የምትሻገረው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጨምርባታል።

አገሬው ቦረቦር ይለዋል። ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን አፋፉ ላይ ቆሜ ጉልበቴ ሲከዳኝ ነው።

አጎቴ አብረውኝ ወርደው ነበር። ሁላችንም «አያ» ነው የምንላቸው። «አያ፣ ውሃው ወደ ታች ጠርጎት ነው እንዲህ የሆነው?» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወደ ታችማ ምን ነበረበት ልጄ። ወደ ላይ ነው የሚመጣው። ይኸው ወደ ቤት እየመጣ ነው» አሉኝ፣ በበትራቸው ዳገቱን እያሳዩ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ችካሎቹን አሳዩኝ። በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ የቦረቦሩ ራስ የደረሰበትን ቦታ አይተው በትይዩው፣ ከአፋፉ ራቅ አድርገው አንድ ችካል ይተክላሉ። በ10 ዓመት 10 ችካል። ተሰልፈው ዳገቱን ይወጣሉ። በአንዱና በሌላው መካከል ያለውን ርቀት በክንድ ለክተው በቃላቸው ይዘውታል። አንዱ ዓመት 6 ክንድ፣ ሌላው 9፣ አንዱ ክፉ ክረምት ደግሞ 22 ክንድ። የመጨረሻው ችካል ከጎተራው ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው።

ውሃው ወደ ታች ይወርዳል፤ ቁፋሮው ግን ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። የጂኦሎጂ ሰው አይደለሁም። ግን ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፣ የሚያውቁ ሰዎችን እየዞርኩ ጠየቅኩ፤ ስመለስ አባይ በረሃን ስሻገርም በሌላ ዓይን አየሁት።

ከጠብታው ልጀምር። አንድ ትልቅ የክረምት ጠብታ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ ነው። ጎበዝ ሯጭ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲሮጥ እንደማለት ነው። ሣር ወይም ቅጠል ላይ ካረፈ ጉልበቱ እዚያው ያልቃል። ባዶ አፈር ላይ ካረፈ ግን ቅንጣቱን ፈነጣጥሮ ይበትነዋል። ዝናብ ካባራ በኋላ የጭቃ ቤት ግድግዳ ከታች በኩል በአፈር ተረጭቶ አይታችሁ ይሆናል፤ እሱ ነው።

አሁን የጤፍ ማሳን አስቡ። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ መሬቱን አራት አምስት ጊዜ ገልብጠው፣ አለስልሰው ነው የሚዘሩት። የሚዘራው ደግሞ ሐምሌ ላይ ነው። ዝናቡ በሚበረታበት ሰዓት መሬቱ ራቁቱን ነው ማለት ነው። ወንዞቻችን ክረምቱ ሲገባ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይበልጥ የሚደፈርሱት ለዚህ ነው። መስከረም ላይ፣ ሰብሉ መሬቱን ሲሸፍነው፣ ያው ወንዝ ጠራ እያለ ይመጣል።

የተበተነው ደቃቅ አፈር የመሬቱን ቀዳዳዎች ይደፍናቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ውሃ መስረጉን ትቶ ላይ ላዩን መሄድ ይጀምራል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ፣ ውሃው ዘሩን ይዞበት እንዳይሄድ፣ በበሬ ማሳውን አቋርጦ ፈሰስ፣ የውሃ መሄጃ ትልም፣ ያወጣል። ለማሳው ጥሩ ነው። ግን የአንዱ ፈሰስ ከሌላው ጋር ይገናኝና የሰባት የስምንት ሰው ማሳ ውሃ ከታች አንድ ላይ ይሆናል። አንድ ላይ የሆነ ውሃ ደግሞ ሌላ ፍጡር ነው።

ይህን ያልኩት በምክንያት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዊልያም ሆፕኪንስ የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብና የጂኦሎጂ ሰው ውሃ ምን ያህል ድንጋይ መግፋት እንደሚችል አስልቶ ነበር። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሊገፋው የሚችለው ድንጋይ ክብደት በ64 ያድጋል። በ64! ግማሽ ኪሎ ጠጠር ሲያንከባልል የነበረ ጎርፍ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን 32 ኪሎ ድንጋይ ይገፋል። በጋውን ሙሉ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት የአሸዋ ወንዝ በአንድ ሌሊት ሰፈር የሚያጠፋው ለዚህ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ድሬዳዋ የሆነውን የማታስታውሱ ብዙ አትሆኑም። ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ያን ሌሊት ከላይ ከተራራው የወረደው ውሃ ሰው በተኛበት ደረሰ፤ ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ደራሽ ውሃ የምንለው በከንቱ አይደለም። ድምፁን ስትሰማ ደርሷል።

ወደ አያ ማሳ ልመለስ። እዚያም ውሃውን አንድ ላይ ያደረገው ነገር ነበር። ከማሳው በላይ አዲስ መንገድ ወጣ። መንገድ መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ድሮ ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ነበር የምትወርደው፣ ዛሬ መኪና ደጃፍ ድረስ ይገባል፣ እኔም በዚያው መንገድ ነው የገባሁት። ግን መንገዱን የሠሩት ሰዎች ከዳገቱ የሚመጣውን ውሃ ሁሉ በቦይ ሰብስበው በአንድ ቱቦ ወደ ታች ለቀቁት። ቱቦው የሚያበቃው ባዶ ማሳ ላይ ነው። ድንጋይ አልተነጠፈለትም፣ መውረጃ አልተበጀለትም። ቀድሞ በሰፊው ዳገት ላይ ተበትኖ ይወርድ የነበረ ውሃ አሁን በአንዲት ክብ ቀዳዳ ይወጣል። ሰዎቹ አቤት ብለው ነበር። «እናየዋለን» ተባሉ። ያ ጊዜ የመጀመሪያው ችካል የተተከለበት ዓመት ነው።

ይህ የእኛ ሰፈር ብቻ ጉዳይ አይደለም። በየትኛውም የደጋ መንገድ ስትሄዱ ከቱቦዎቹ በታች ያለውን ማሳ በመስኮት ተመልከቱ። ከቱቦው አፍ የሚጀምር ቁስል ብዙ ቦታ ታያላችሁ።

አሁን ወደ ላይ የመሄዱን ነገር ላስረዳ። ውሃው ወርዶ ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ደረጃ ያገኝና ይዘላል። ትንሽ ደረጃ ይበቃል፣ የስንዝር ያህል። ሲዘል ሥሩን ይመታል፣ እዚያ ጉድጓድ ያበጃል፣ ጉድጓዱ ወደ ውስጥ ይሰረስራል። ከላይ ያለው አፈር ሥሩ ባዶ ይሆንና በራሱ ክብደት ይናዳል። የተናደውን ውሃው ጠርጎ ይወስደዋል። ደረጃው የት ሄደ? አንድ እርምጃ ወደ ዳገቱ። ውሃው አሁን ከዚያ ነው የሚዘለው፤ ደግሞ ይመታል፣ ደግሞ ይሰረስራል፣ ደግሞ ይናዳል። በልጅነቴ የዘለልኳት ቦይ እንዲህ እንዲህ እያለች ነው የአያ ጎተራ አጠገብ የደረሰችው።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩን የሚያባብሰው አፈሩ ነው። ዋልካ ነው፣ ጥቁሩ አፈር። በጋ ላይ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ይገባና ከውስጥ ለውስጥ መሿለኪያ ያበጃል፤ ከላይ ስታዩት ደህና መሬት ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ውሃ እየሄደበት ነው። ክረምቱ ሲጠና አፈሩ ውሃ ይጠግብና እንደ ገንፎ ይለሰልሳል። ከባሕር ዳር በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደብረ ማዊ የሚባል ቦታ አለ። ተመራማሪዎች ቦረቦሮቹን ዓመታት ተከታትለው እዚያ ያገኙት ነገር በጣም ገረመኝ። ቦረቦሩ አብዝቶ የሚናደው የከርሰ ምድሩ ውሃ ሽቅብ መጥቶ ወደ መሬቱ ገጽ በተጠጋበት ቦታ ነው። ግድግዳውን የሚጥለው ላይ ላዩን የሚወርደው ጎርፍ ብቻ አይደለም፤ አፈሩ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃም ከኋላው ይገፋዋል።

ይህን ለአያ በስልክ ስነግራቸው አልተገረሙም። «እሱማ እየዘነበ አይናድም እኮ» አሉኝ። «ካባራ በኋላ ነው። ሌሊት ጸጥ ሲል ግም የሚለውን ተኝተን እንሰማዋለን።» ውሃው ከቦረቦሩ ወርዶ ሲያልቅ እርጥቡን ግድግዳ የሚደግፈው ነገር ይጠፋል። ተመራማሪዎቹ በመሣሪያ የለኩትን እሳቸው አልጋቸው ላይ ሆነው ያውቁት ነበር።

በመልስ ጉዞዬ አውቶቡሱ ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ መስኮት ዳር ነበርኩ። ይህን መንገድ ስንት ጊዜ ሄጄዋለሁ፤ ሁልጊዜ የማስበው ስለ ፍሬኑ ነበር። ከደጀን ተነስቶ፣ ድልድዩ ጋ ወርዶ፣ ጎሐ ጽዮን እስኪወጣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከላይ ከፍታው ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል፣ ታች ወንዙ ጋ 1,000 ሜትር አካባቢ ነው። ላይ ጋቢ የሚያስደርብ አየር ታች ጃኬት ያስወልቃል።

ልጅ ሆነን «መሬት ተንቀጥቅጣ ተሰነጠቀች፣ አባይም ገባበት» ነው የተባልነው። እኔም ለረጅም ጊዜ አምኜው ነበር። ይህን የሚያህል ገደል ውሃ ይቆፍረዋል ብሎ ማን ያስባል? ሸለቆን ማን ሠራው የሚለው ጥያቄ የፈረንጆቹንም ሊቃውንት ሲያከራክር የኖረ ነው። በ1802 እ.ኤ.አ. ጆን ፕሌይፌር የሚባል ስኮትላንዳዊ የሰጠውን መልስ በጣም ወደድኩት። ሸለቆ ዝም ብሎ የተሰነጠቀ መሬት ቢሆን ኖሮ፣ ይላል፣ ገባር ወንዞቹ ከአፋፉ ላይ ተንጠልጥለው በቀሩ ነበር። እውነታው ግን ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ ወንዝ በልኩ የራሱ ሸለቆ አለው፣ ከትልቁም ወንዝ ጋር እኩል ደረጃ ላይ ይገናኛል። አብረው ነው የቆፈሩት ማለት ነው። እስኪ አባይን አስቡት። በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ዴዴሳ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቆላ አላቸው፤ ከታች ሲደርሱ ደግሞ ሳይዘሉ፣ ሳይንጠለጠሉ ከአባይ ጋር ይቀላቀላሉ። ካርታ አውጥቼ አንድ በአንድ አየኋቸው። ያ የልጅነት ታሪክ እዚያው ላይ አበቃ።

አውቶቡሱ ሲወርድ ድንጋዩ ይለዋወጣል። ከላይ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ቀልጦ ወጥቶ አገሩን ያለበሰው ባዛልት። ዝቅ ስትሉ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ይህ የባሕር ወለል ነበር። አዎ፣ ጎጃም ባሕር ነበር፤ በድንጋዩ ውስጥ የባሕር ቀንድ አውጣና የዛጎል ቅሪት ይገኝበታል። ሙገር ላይ ለሲሚንቶ የሚፈጩት የዚሁ ዓይነት ድንጋይ ነው፤ ቤታችንን የምንሠራው ባሕር በተወልን ነገር ነው። ከሱ ሥር ጂፕሰም አለ፣ ባሕሩ ጥልቀት አጥቶ ሲተን የቀረው። ታች ወንዙ አጠገብ ደግሞ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ። አንድ ሰዓት በማይሞላ ቁልቁለት ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። ይህን መጽሐፍ የገለጠልን ውሃ ነው።

መንገዱ ለምን በየዓመቱ እንደሚሰነጠቅና እንደሚንሸራተት ስንቱ ሾፌር አማሯል። አስፋልቱ ተነጥፎ ሳይቆይ ማዕበል ይመስላል። ምክንያቱ እነዚሁ ንጣፎች ናቸው። ጠንካራው ድንጋይ በለስላሳ ንጣፍ ላይ ተቀምጧል፣ ክረምት ላይ ለስላሳው ውሃ ሲጠግብ ከላይ ያለውን ተሸክሞ ይንሸራተታል። በአያ ቦረቦር ግድግዳ ላይ ያየሁት ነገር፣ እዚህ ተራራ ሲያክል።

አባይ እንዲህ ሊጠልቅ የቻለው መሬቱ ከሥሩ ከፍ እያለ ስለሄደ ጭምር ነው። መጋዝ አንድ ቦታ ላይ ሆኖ ጣውላው ወደ ላይ ቢገፋበት እንደማለት። አገሩ በሚሊዮን ዓመታት ሲነሳ ወንዙ እየቆረጠ ቦታውን ጠበቀ። ተመራማሪዎች አባይና ገባሮቹ ከሰሜን ምዕራቡ ደጋ ያነሱትን ዐለት አስልተው ቢያንስ 93,200 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ነው ብለዋል። ቁጥሩ ምንም ስላላለኝ ከጣና ጋር አስተያየሁት። ጣና ሐይቅ የሚይዘው ውሃ 28 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በድንጋይ የተሞላ ከ3 ሺህ ጣና በላይ ተጠርጎ ሄዷል ማለት ነው።

ጣናን ካነሳሁ ጢስ ዓባይን ሳልጠቅስ አላልፍም። አባይ ከጣና ሲወጣ ሰፊና የረጋ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ድልድዩ ጋ ቆማችሁ ብታዩት የሚቸኩል አይመስልም። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ነው ከባዛልቱ አፋፍ 40 ሜትር ያህል የሚወረወረው። ከዚያ በታች ገደል ነው፤ ቀሪ መንገዱን እስከ ቆላው በገደል ውስጥ ነው የሚሄደው። ፏፏቴውን ቀድሞ እንደ መልከ መልካም ነገር ብቻ ነበር የማየው። አሁን ሳስበው ደረጃ ነው። ያው ከአያ ማሳ ያየሁት ደረጃ፣ ውሃው የሚዘልበት፣ ሥሩን የሚመታበት። ልዩነቱ አፈር ሳይሆን ዐለት መሆኑ ነው። ለዚህ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ያለው ናያጋራ ፏፏቴ በ12 ሺህ ዓመት ገደማ ውስጥ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄዷል። እዚያም ከላይ ጠንካራ ድንጋይ አለ፣ ከሥሩ ለስላሳ፤ ለስላሳው ሲቦረቦር ጠንካራው ይወድቃል። ፏፏቴ የተቸከለ ነገር ይመስለናል እንጂ ተጓዥ ነው።

ታዲያ የተቆፈረው ሁሉ የት ገባ? «አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ግንዱን ሁሉም ያያል። ዓይን የማያየው ትልቁ ሸክም አፈሩ ነው። የሕዳሴ ግድብ ከመሠራቱ በፊት አባይ ሱዳን ድንበር ሲደርስ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ይዞ ያልፍ ነበር። 20 ቶን በሚጭን ሲኖትራክ ብናሰላው 5 ሚሊዮን ምልልስ ነው። ይህን ደግሞ ያመላልስ የነበረው በአብዛኛው ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። አንድ ሰው ይህን ያህል አፈር በመኪና ከአገር ቢያስወጣ ምን እንል ነበር?

ሱዳን ውስጥ ያለው የገዚራ ሜዳ፣ ያ ጥጥና ማሽላ የሚበቅልበት ጥቁር ሸክላ አፈር፣ ጥቁር አባይ ያነጠፈው ነው። ከዚያ ወዲያ ግብፅ። የጥንት ግብፃውያን አገራቸውን ጥቁር ምድር ይሉ ነበር፤ ከሁለቱ ወገን ካለው ቀይ በረሃ ለመለየት። ጥቁርነቱ ከእኛ ደጋ የሄደው አፈር ነው። ደለሉ በየዓመቱ መስኩን እየለበሰ ያለ ማዳበሪያ ሺህ ዓመታት አበላቸው፤ ሜዲትራንያን ዳር ደርሶ ደግሞ ባሕሩን እየደለደለ ዴልታውን፣ በወንዙ አፍ ያለውን የደለል ሜዳ፣ ሠራ። የአያቴ ማሳ ቅንጣት እዚያ ድረስ ሄዳ ይሆናል ብዬ ሳስብ ልቤ ይከፈላል። አንዱ በኩል ያዝናል። ሌላው በኩል ግን ያች አፈር የበላችው ሰው እንዳለ ያስባል።

እዚህ ላይ ግድቦች ታሪኩን ቀየሩት። በ1970 እ.ኤ.አ. የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲያልቅ ደለሉ ከግድቡ ጀርባ ቀረ። ዴልታው አፈር የሚያመጣለት ሲያጣ፣ ባሕሩ በተራው የዴልታውን ጠርዝ መብላት ጀመረ፤ ወንዙ ባሕር ከሚገባባቸው አንዱ በሆነው ረሺድ አካባቢ የባሕሩ ዳርቻ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ሱዳን በ1966 እ.ኤ.አ. የሠራችው የሮዛሪስ ግድብ ከውሃ መያዣው ጥቂት የማይባለውን በደለል ስላጣ በ2013 እ.ኤ.አ. ከፍታውን 10 ሜትር መጨመር ግድ ሆኗል። የእኛም ቆቃ፣ የጎንደሩ አንገረብም በደለል የተጎዱ ናቸው።

አሁን ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ አለ። ከግድቡ ጀርባ ያለው ንጋት ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ይይዛል። አባይ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ይቆማል፤ የቆመ ውሃ ደግሞ የያዘውን ያራግፋል፣ መጀመሪያ ጠጠሩን፣ ከዚያ አሸዋውን፣ ቀስ እያለ ደቃቁን። ሐይቁ ትልቅ ስለሆነ ቶሎ አይሞላም። ቢሆንም እያንዳንዱ የተናደ ቦረቦር ከእንግዲህ የሚሄድበት ቤት እዚሁ አገር ውስጥ ነው። በየሰፈሩ ቦንድ የገዛ ሰው ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ የጎጃምና የወሎ ዳገት ላይ የሚሠራው እርከን የዚያ ግድብ አካል እንደሆነ ቢያስብ ደስ ይለኛል።

ኮንሶዎች ይህን ከ400 ዓመት በላይ ሲሠሩት ኖረዋል። የድንጋይ እርከናቸውን ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ዳገቱን ደረጃ በደረጃ ሲከፍሉት ውሃው የሚንደረደርበት ያጣል። ያንን በ64 የሚያድግ ጉልበት ገና ሳይወለድ ነው የሚይዙት።

የእኛ ሰፈር ሰዎች የጀመሩት ዘግይተው ነው፤ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጥር ላይ። መጀመሪያ ቦረቦሩ ውስጥ ድንጋይ ክበው ነበር፣ ክረምቱ ጠርጎት ሄደ። ከዚያ ነው አያ «ከታች አይደለም፣ ከላይ ነው መያዝ ያለበት» ብለው የተነሱት። ከቱቦው የሚወጣውን ውሃ ከማሳው ጎን በድንጋይ በተነጠፈ መውረጃ ወደ ወንዙ መለሱት። ከላይ ያለውን ዳገት በእርከን አሰሩት። የቦረቦሩን ራስ፣ ያን ቀጥ ያለ ደረጃ፣ በዶማ አፍርሰው ዘንበል አደረጉትና ደሾ ሣር ተከሉበት። ውሃው የሚዘልበት ደረጃ ሲያጣ የሚመታውም ሥር አይኖርም። ክትሩን የሠሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ውስጡን በየተወሰነ ርቀት በድንጋይ ከተሩት። ከብት እንዳይገባበት አጠሩት። ከብት መከልከሉ ከሁሉ ከባዱ ነበር አሉኝ፤ ድርቆሽ ባጣ ቤት ላሟን አትግባ ማለት ቀላል አይደለም። በመጨረሻ ሣሩን አጭደው እየወሰዱ እንዲያበሉ ተስማሙ።

አብረን በወረድን ቀን አያ በብብታቸው አንድ የወይራ እንጨት ይዘው ነበር። ምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም ነበር። ችካሎቹን አሳይተውኝ ሲጨርሱ ዳገቱን ወጣን። የቦረቦሩ ራስ ላይ ሣሩ ጉልበት ድረስ ደርሷል። ከታች፣ ከመጀመሪያው ክትር ጀርባ፣ የክረምቱ ደለል ረግቶ ጠፍጣፋ መደብ ሠርቷል፤ ጭቃው ላይ የወፍ ዱካ አለ። አያ ጎንበስ ብለው ሣሩን በእጃቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉና ያለፈው ክረምትና የዘንድሮው የት ላይ እንደቆሙ ፈለጉ። ከዚያ ከ10ኛው ችካል ጀምረው በክንድ መለካት ጀመሩ። ክንድ አልሞላም። በስንዝር ለኩት። አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት።

ወይራውን አቆሙና ድንጋይ እንዳቀብላቸው ጠየቁኝ። 11ኛውን ችካል እኔ ይዤላቸው፣ እሳቸው መቱት።